«ፌስ» ልበል ወይስ «ሶልቭ»? የእንግሊዝኛን የችግር ግሶች ከስማቸው ጋር የማጣመር አሠራር

አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ እሠራለሁ። የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆመው ሲያነቡ የቆዩ ልጆች ወረቀታቸውን ይዘው ወደ እኔ ይመጣሉ። ማመልከቻ ያስጽፋሉ፣ ሲቪ ያስተካክላሉ፣ ለስኮላርሺፕ የሚላክ ደብዳቤ ያሳዩኛል። ጥያቄያቸው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ ‹ቻሌንጅ› ሲሆን ‹ፌስ› ነው የሚባለው ‹ሶልቭ›? ወይስ ‹ታክል›?»

ለአንዱ አስረድቼ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል። ስለዚህ አሠራሩን ከነምክንያቱ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ደብተር ይዞ ለተቀመጠ ሰው የአንድ ሳምንት ማታ ማታ ሥራ ነው።

ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ግሱን ለብቻው አትሸምድዱ። ከስሙ ጋር ጥንድ አድርጋችሁ ያዙት። ምክንያቱን ከአማርኛችሁ ታውቁታላችሁ። ችግር ይፈታል። ፈተና ይታለፋል። ሐዘን ይቻላል። ዕዳ ይከፈላል። ጠብ ይበርዳል። «ሐዘኔን ፈታሁት» የሚል ሰው ብትሰሙ ቃላቱን ብታውቋቸውም ጆሯችሁ እንቢ ይላል። እንግሊዝኛም የራሱ ጆሮ አለው።

የእንግሊዝኛ ቃላቱን በእኛው ፊደል የጻፍኳቸው ስታነቡ ድምፃቸው እንዲመጣላችሁ ነው። ስፔሊንጉን ከመዝገበ ቃላት እያያችሁ ደብተራችሁ ላይ ስፈሩት። እጃችሁ አንዴ የጻፈውን አይረሳም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• አንድ ደብተር። ባለ 50ው ይበቃል።
• ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ። ቀዩ ለደረጃ 5 ነው፤ አትተዉት።
• ምሳሌ ዓረፍተ ነገር ያለው የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት። ስልክ ላይ የሚጫነው ይሆናል። ወደ አማርኛ የሚተረጉመው ብቻውን አይበቃም። «ኦቨርካም»ን «አሸነፈ» ብሎ ያልፋል እንጂ ምን ምን እንደሚሸነፍ አይነግራችሁም።
• ከዚህ በፊት የጻፋችሁት አንድ ማመልከቻ። የምትለማመዱት በእሱ ላይ ነው።
• ለመፈተሻ ኢንተርኔት፣ ለሥራው ጸጥ ያለ ቦታ። ቤት ካልተመቸ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ወይም ወመዘክር ሄዳችሁ መሥራት ትችላላችሁ።

ደረጃ 1። ስሙን ከላይ ጻፉ

ለእያንዳንዱ ስም አንድ ገጽ ስጡ። በእነዚህ ስምንት ጀምሩ፤ ፕሮብሌም፣ ቻሌንጅ፣ ዲፊከልቲ፣ ኦብስታክል፣ ኮንፍሊክት፣ ክራይስስ፣ ፕሬዠር፣ ሎስ።

ከግሱ የማንጀምረው መራጩ ስሙ ስለሆነ ነው። ስትጽፉ መጀመሪያ ጭንቅላታችሁ ውስጥ የሚመጣው የሆነው ነገር ነው። ገንዘብ ጠፋ፣ ሰው ተጣላ፣ ሥራ ተደራረበ። ግሱን የምትፈልጉት ከዚያ በኋላ ነው። ደብተሩም በዚያው ቅደም ተከተል ካልተሠራ በቸኮላችሁ ሰዓት አያገለግልም።

ሌላም ምክንያት አለ። እኛ እነዚህን ስምንቱንም በአንድ ቃል «ችግር» ማለት እንችላለን። እንግሊዝኛ ላይ ስንደርስ ሁሉንም በአንድ ግስ ልናስኬዳቸው የምንሞክረው በዚህ የተነሣ ነው።

ደረጃ 2። ችግሩ የት እንደደረሰ በአራት ዓምድ ክፈሉ

ገጹን አራት ቦታ አስምሩትና በእያንዳንዱ ዓምድ አናት ላይ በአማርኛ እንዲህ ጻፉ።

1. ገጠመኝ። ፌስ፣ ኢንካውንተር፣ ረን ኢንቱ።
2. ተያያዝኩት። ታክል፣ አድሬስ፣ ዲል ዊዝ፣ ሃንድል።
3. ቻልኩት። ኢንዱር፣ ዊዝስታንድ፣ ኮፕ ዊዝ።
4. ተወጣሁት። ሶልቭ፣ ሪዞልቭ፣ ኦቨርካም፣ ሚት።

ይህ ደረጃ ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅማል። ቀጣሪው ደብዳቤያችሁን ሲያነብ ማወቅ የሚፈልገው ችግሩ መኖሩን ብቻ አይደለም። መጨረሻው ምን ሆነ? «ፌስ» ብላችሁ ካቆማችሁ ሰውየው «እሺ፣ ከዚያስ?» ብሎ ይቀራል። ገና የመጀመሪያው ዓምድ ላይ ናችሁ።

«ታክል»ን በኳስ አስቡት። ተከላካዩ ተንሸራቶ ይገባል። ኳሱን ሊነጥቅ ይችላል። ሊስትም ይችላል። ሁለቱም ታክል ነው። «ድርጅቱ ሥራ አጥነትን ታክል እያደረገ ነው» ሲባልም የተነገራችሁ መግባቱ ነው። ኳሱን ማግኘቱ ገና አልተነገረም። «ታክል» ከሰፋፊ ችግሮች ጋር በጣም ይስማማል። ከድህነት፣ ከወንጀል፣ ከሙስና፣ ከሥራ አጥነት፣ ከዋጋ ንረት ጋር።

«አድሬስ»ም እዚያው ዓምድ ነው። የፕሮፖዛልና የሪፖርት ቃል ነው። ከኢሹ፣ ከኒድ፣ ከኮንሰርን ጋር ይሄዳል። ትርጉሙ ጉዳዩን አንሥቶ ማስተናገድ ነው። ለጓደኛ በምትልኩት ቴክስት ላይ ብትጽፉት ይከብዳል። «ረን ኢንቱ» ደግሞ በተቃራኒው የወሬ ቃል ነው። መደበኛ ሪፖርት ላይ ከሆነ «ኢንካውንተር» ይሻላል።

«ዲል ዊዝ» ሰፊ ነው። አንዳንዴ መያያዝ፣ አንዳንዴ መጨረስ ማለት ይሆናል። ከእነዚህ ስሞች ከአብዛኞቹ ጋር ስለሚሄድ ግራ ሲገባችሁ መጠለያ ይሆናችኋል።

ደረጃ 3። ባለቤቱን ገልብጡት

ባለፈው አንዲት ልጅ መጣች። ማመልከቻዋን በእጇ ጽፋ በፕላስቲክ ፋይል ይዛለች። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ «አይ ፌስድ ዊዝ ሜኒ ቻሌንጅስ ኤንድ አይ ሶልቭድ ዘም» ይላል።

«ጋሼ፣ ምኑ ነው ልክ ያልሆነው?» አለችኝ።

«እስቲ መጀመሪያ በአማርኛ ንገሪኝ።»

«ብዙ ፈተና ገጥሞኝ ተወጣሁት።»

«ማን ነው የገጠመው?»

«ፈተናው ነዋ!» አለች። ከዚያ ዝም ብላ ወረቀቱን አየችው። እስክሪብቶዬን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ «ዊዝ»ን ሰረዘችው።

ገብቷታል። በአማርኛ የሚመጣው ችግሩ ነው፤ ሰውየው ተቀባይ ነው። ችግር ገጠመኝ፣ አጋጠመኝ፣ ደረሰብኝ። በእንግሊዝኛው «ፌስ» ግን ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ነው። ፊቱን ወደ ችግሩ ያዞረው እሱ ነው። ስለዚህ ሁለት ትክክለኛ መንገድ አላችሁ።

• «አይ ፌስድ ኤ ፕሮብሌም።» ሰውየው ባለቤት፣ መሐል ላይ ምንም የለም።
• «አይ ዎዝ ፌስድ ዊዝ ኤ ፕሮብሌም።» «ዎዝ» ሲገባ «ዊዝ» ይከተላል።

የልጅቷ ዓረፍተ ነገር የሁለቱ ቅልቅል ነው። «ዎዝ» ሳይኖር «ዊዝ» ቀርቷል። በአማርኛ ስለምናስብ ተገብሮው ይስበናል፣ ግን ግማሹን ብቻ እናመጣዋለን።

ችግሩ ራሱ ባለቤት የሚሆንበት ቦታም አለ። «ዘ ፕሮብሌምስ ፌሲንግ አስ» ሲባል ከፊታችን የተደቀኑት ችግሮች ማለት ነው። ይህ ትክክል ነው። «ኤ ፕሮብሌም ፌስድ ሚ» ብሎ ዓረፍተ ነገር መጀመር ግን ለጆሮ ይጎረብጣል። ደብዳቤ ላይ አታስገቡት።

ደረጃ 4። ጥንዶቹን ሙሉ

አሁን ወደ ስምንቱ ገጾች ተመለሱ።

ፕሮብሌም ቋጠሮ ነው። ስለዚህ ይፈታል፤ ሶልቭ ይደረጋል። እንቆቅልሽም፣ የሒሳብ ስሌትም፣ ፖሊስ የሚከታተለው ወንጀልም ሶልቭ ይደረጋሉ። ሁሉም ተደብቆ የሚገኝ መልስ አላቸው።

ቻሌንጅ ግን ቋጠሮ አይደለም። የግጥሚያ ጥሪ ነው። ጥሪ አይፈታም። ይቀበሉታል፣ ይገጥሙታል፣ ይወጡታል። ስለዚህ ከቻሌንጅ ጋር ፌስ፣ ቴክ ኦን፣ ራይዝ ቱ፣ ሚት፣ ኦቨርካም ጻፉ። «ሶልቭ ኤ ቻሌንጅ» የሚል ጽሑፍ አልፎ አልፎ ታገኛላችሁ። እናንተ ግን ተዉት፤ ብዙ አንባቢ ላይ ስህተት መስሎ ይታያል። የልጅቷ ሁለተኛ ስህተት ይሄ ነበር።

እዚህ ላይ «ሚት»ን ቆም ብላችሁ እዩት። «ሚት» ሲባል ሁላችንም «ተገናኘ» ነው የምንለው። «ሚት ዘ ቻሌንጅ» ግን ከፈተናው ጋር ተገናኘ ማለት አይደለም፤ በብቃት ተወጣው ማለት ነው። «ሚት ዘ ዴድላይን» በቀነ ገደቡ አደረሰ ነው። «ሚት ዘ ሪኳየርመንትስ» መስፈርቱን አሟላ ነው። «ሚት ኤ ኒድ» ፍላጎትን አሟላ ነው። ልኩ ላይ ደረሰ የሚለውን ስሜት ያዙ። አሁን «ዊዝ» ጨምሩበትና «ሚት ዊዝ» በሉት። ከአራተኛው ዓምድ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። «ሚት ዊዝ ሪዚስታንስ» ተቃውሞ ገጠመው ማለት ነው። በአንዲት «ዊዝ» መወጣቱ መግጠም ሆነ። ይህን በሁለቱም ቀለም ጻፉት።

ኦብስታክል መንገድ ላይ የተጋደመ ነገር ነው። ኦቨርካም ይደረጋል፣ ወይም ሪሙቭ ይደረጋል። «ኦቨርካም» ውስጥ «ኦቨር» አለ፤ ከላይ ማለፍን አስቡ። ዲፊከልቲም፣ ፍርሃትም፣ ዓይን አፋርነትም ኦቨርካም ይደረጋሉ።

ዲፊከልቲ አንድ ተጨማሪ ጠባይ አለው። ከ«ሃቭ» ጋር ሲሆን የሚከተለው ግስ መጨረሻው ላይ «ኢንግ» ይይዛል። ቤት ለማግኘት ተቸገርኩ ለማለት «አይ ሃድ ዲፊከልቲ ፋይንዲንግ ኤ ሃውስ» ነው። «ቱ ፋይንድ» አይደለም። «ለማግኘት» የሚለው የእኛ «ለ» ወደ «ቱ» ይገፋናል፤ አትስሙት።

ኮንፍሊክትና ዲስፒውት ሪዞልቭ ይደረጋሉ። ሰትልም ይሆናል፤ በተለይ ለዲስፒውት። በሽምግልና እንደሚያልቅ ጠብ አስቡት። ሁለት ወገን አለ፣ መሐል ላይ ስምምነት ይመጣል። ሰትል ለዕዳም ለሒሳብም ይሆናል።

ክራይስስ ፌስ ይደረጋል፣ ዲል ዊዝ ይደረጋል፣ ሪዞልቭ ይደረጋል። እስኪያልፍ ድረስ ሳይሰበሩ ማለፍን ለመግለጽ ደግሞ «ዌዘር» አለ። ዝናብ አባርቶ እስኪወጡ እንደ መጠለል ነው።

ፕሬዠርን ሃንድል፣ ኮፕ ዊዝ፣ ዊዝስታንድ ትላላችሁ። የሥራ ማስታወቂያው ላይ የሚወጣው ግን ብዙ ጊዜ «ወርክ አንደር ፕሬዠር» ነው። ማስታወቂያው የተጠቀመበትን ቃል መልሳችሁ ብትጠቀሙ አይጎዳችሁም።

ሎስ የሚሄደው ከ«ሳፈር» ጋር ነው። ድርጅቱ ኪሳራ ደረሰበት፣ ቡድኑ ተሸነፈ፣ ተጫዋቹ ተጎዳ ሲባል ሳፈር ኤ ሎስ፣ ሳፈር ኤ ዲፊት፣ ሳፈር አን ኢንጀሪ ይሆናል። «ፍሮም» የለም። በሽታ ሲሆን ግን «ፍሮም» ይገባል። ወባ የያዘው፣ ራስ ምታት የሚያሠቃየው ሰው «ሳፈር ፍሮም» ነው። አንድ ጊዜ የደረሰ ጉዳት ያለ «ፍሮም»፣ ይዞ የሚቆይ ሕመም ከ«ፍሮም» ጋር ብላችሁ ያዙት። በአብዛኛው ያስኬዳችኋል።

ደረጃ 5። ትንሿን ቃል በቀይ ጻፉ

ሁለት ዝርዝር አድርጉ።

• «ዊዝ» የሚፈልጉ፦ ዲል፣ ኮፕ፣ ግራፕል፣ ስትራግል።
• ምንም የማይፈልጉ፦ ፌስ (ያለ «ዎዝ» ሲሆን)፣ ታክል፣ አድሬስ፣ ኢንካውንተር፣ ኮንፍሮንት፣ ኦቨርካም፣ ሶልቭ።

ቀዩ ቀለም የሚያስፈልገው ይህቺ ቃል ትንሽ ስለሆነች ዓይን ስለሚዘላት ነው። በአማርኛ «ከችግሩ ጋር ታገልኩ» እንላለን፤ «ጋር» አለ። «ችግሩን ተጋፈጥኩት» ስንል ግን «ጋር» የለም። እንግሊዝኛውም እንደ ግሱ ይለያያል። ልዩነቱን በአመክንዮ ለማግኘት አትድከሙ፤ ጥንዱን እንዳለ ያዙት።

በጣም የተስፋፋው ስህተት «ኮፕ አፕ ዊዝ» ነው። «አፕ» የለችም። «ኪፕ አፕ ዊዝ» ከሚለው ሾልካ የገባች ትመስለኛለች። እሱ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፤ እኩል መራመድ ማለት ነው።

ደረጃ 6። ፈትሹ

የጠረጠራችሁትን ጥንድ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ጉግል ላይ ፈልጉ። ጥቅሱ ቃላቱ ተያይዘው የመጡበትን ብቻ ያወጣላችኋል። የውጤቱን ቁጥር አትመኑት፤ ግምት ነው። ማን እንደጻፈው እዩ። የታወቀ ጋዜጣ ነው? ዩኒቨርሲቲ ነው?

ለማወዳደር የጉግል ኤንግራም ቪወር ይሻላል። ሁለት ጥንዶችን በኮማ ለይታችሁ ትጽፋላችሁ፤ በታተሙ መጻሕፍት ውስጥ የቱ ምን ያህል እንደሚዘወተር በመስመር ያሳያችኋል። «ሚት ዘ ቻሌንጅ»ን እና «ሶልቭ ዘ ቻሌንጅ»ን አስገብታችሁ ሞክሩት።

ገፋ ማድረግ ለሚፈልግ የጽሑፍ ክምችቶች አሉ። የዘመናዊ አሜሪካ እንግሊዝኛ ኮርፐስ ከ1990 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበ ከ1 ቢሊዮን ቃላት በላይ ይዟል። የብሪታንያው ብሔራዊ ኮርፐስ 100 ሚሊዮን ነው። ስሙን ጽፋችሁ አጠገቡ የሚመጡትን ግሶች በብዛታቸው ቅደም ተከተል ማየት ትችላላችሁ። ይህን ያየ ሰው «ይባላል አይባልም» ብሎ መከራከሩን ይተዋል።

ደረጃ 7። በራሳችሁ ታሪክ ሦስት ዓምድ ተሻገሩ

ከሕይወታችሁ አንድ ነገር ምረጡ። በሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉት። አንዱ ከ«ገጠመኝ»፣ አንዱ ከ«ተያያዝኩት»፣ አንዱ ከ«ተወጣሁት» ዓምድ ይሁን።

ልጅቷ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ተለማማጅ ነበረች። ካርድ እየጠፋ በሽተኛ ይጉላላ ነበር። «ቻሌንጅስ» ከማለት ይልቅ ይህንኑ እንድትጽፈው ነገርኳት። መጀመሪያ ችግሩ ገጠማት፤ «ፌስ» እና «ፕሮብሌም» ሆነ። ከዚያ ካርዶቹን በቁጥር ደረደረቻቸው፤ «ታክል» ሆነ፣ እንዴት እንደሆነ ለመግለጽ «ባይ» እና «ኢንግ» ያለው ግስ ተከተለ። በመጨረሻ ካርድ መጥፋቱ ቆመ፤ «ሶልቭ» እዚህ ገባ፣ ምክንያቱም አሁን ስሙ ፕሮብሌም ነው። አንቀጹ ከበፊቱ ትንሽ ረዘመ። ግን አሁን የእሷ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ «አንድ የገጠመሽን ችግር ንገሪን» ሲሏት የምትመልሰውም በእጇ ነው።

ማስጠንቀቂያ

«ኮንፍሮንት»ን ከሰው ጋር ስታደርጉ ተጠንቀቁ። ፍርሃትን ወይም እውነታን ኮንፍሮንት ማድረግ ጥሩ ነው። አለቃን ወይም ደንበኛን ኮንፍሮንት ማድረግ ግን ፊት ለፊት ገጥሞ መውቀስ ነው። ማመልከቻ ላይ «ደንበኞችን ኮንፍሮንት አደርግ ነበር» የሚል አይቻለሁ። ልጁ «አስተናግድ ነበር» ማለቱ ነበር። ለደንበኛ «ሃንድል» ወይም «ዲል ዊዝ» በቂ ነው።

«ኦቨርካም» ከ«ባይ» ጋር ሲሆን ይገለበጣል። «ሺ ዎዝ ኦቨርካም ባይ ግሪፍ» ሐዘኑ አሸነፋት ነው እንጂ ሐዘኑን አሸነፈች አይደለም።

ተመሳሳይ ቃላት የሚደረድር መተግበሪያ ከፍታችሁ «ሶልቭ»ን ደስ ባላችሁ ቃል አትተኩ። ትርጉማቸው የሚቀራረብ ግሶች ሁልጊዜ ስማቸውን አይጋሩም። ከተካችሁ ደረጃ 6ን ድገሙ።

የተለመዱ ስህተቶች

• «ኦቨርካምድ» የሚባል የለም። ያለፈ ጊዜው «ኦቨርኬም» ነው። ከ«ሃቭ» ጋር ግን ተመልሶ «ኦቨርካም» ይሆናል።
• «አድሬስ ቱ ዘ ፕሮብሌም» እና «ታክል ዊዝ» ስህተት ናቸው። ሁለቱም ያለ ምንም ይሄዳሉ።
• ርምጃ ወሰድኩ ለማለት «ቴክ ሜዠር» ብሎ ማቆም። በብዙ ቁጥር «ቴክ ሜዠርስ» ነው።
• የችግሩ መፍትሔ ሲባል የእኛ «የ» ወደ «ኦፍ» ትወስደናለች። «ሶሉሽን ቱ ዘ ፕሮብሌም» በሉ።
• ፈተና ተፈተንኩ ለማለት «ፓስ አን ኤግዛም» መጻፍ። «ፓስ» ማለፍ ነው፤ መፈተን «ቴክ» ነው። ውጤቱ ያልተመለሰላችሁን ፈተና አልፌዋለሁ ብላችሁ እንዳትጽፉ።

ደብዳቤው ነገ የሚገባ ከሆነና ሳምንት ከሌላችሁ ደረጃ 3ን እና ደረጃ 5ን ብቻ ሥሩ። ወረቀቱን አውጡና «ፌስ» ባለበት ሁሉ ባለቤቱ ማን እንደሆነ እዩ። ከዚያ እያንዳንዷን «ዊዝ» በቀይ ክበቡ። በሁለቱ ዝርዝሮች አረጋግጡና የማያስፈልገውን ሰርዙ። እኔ ጋ የሚመጡ ወረቀቶች ላይ ደጋግሜ የማገኘው ስህተት እነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ነው።